ጉባኤው ሁሉ ሩቅ ነው ላልሽኝ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። «የማኅበራዊ ሥራ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ፣ የምሠራውም እዚሁ አካባቢ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። የመስክ ልምምድና የመመረቂያ ጽሑፍ ይቀሩኛል። አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞቼ በየሳምንቱ ወርክሾፕ፣ ፓናል፣ ኮንፈረንስ ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ዘንድ ምንም የለም። የትኞቹን ዝግጅቶች ልከታተል? ሰርተፊኬት መሰብሰብስ ይጠቅመኛል? አሁን ደግሞ አዲስ አበባ የሦስት ቀን ኮንፈረንስ አለ። በራሴ ወጪ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን መጨረሻ ላይ እመልሰዋለሁ። መልሱ ከሌሎቹ ይወጣል።

«እኔ ዘንድ ምንም የለም» ያልሽው ልቤን ነክቶታል። እኔም ያደግሁት ቢቸና አካባቢ ነው። ተማሪ ሳለሁ ዕውቀት ከዓባይ ማዶ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳራሽ ገብቻለሁ። የማስተርስ ተማሪዎችንም በመስክ ልምምድ ላይ ለዓመታት ተከታትያለሁ። ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ከኮንፈረንስ የረባ ነገር ይዞ የሚመለሰው የራሱን ጥያቄ ይዞ የሄደ ተማሪ ነው። ያን ጥያቄ ደግሞ የምታገኚው እዚያው ማርቆስ ነው።

ጉባኤ የሚለውን ቃል እኛ ጎጃሞች ከማንም በፊት እናውቀዋለን። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ዞር ብሎ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ። ቤት ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ ይመልሱታል። በነጋታው ደግሞ ሌላ ይዞ ይቀርባል። ቆጠራና ነገራ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዘረፋ፣ ማለትም ሰው ፊት ቆሞ ቅኔ ማፍሰስ፣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዘረፋ የሚጀምር ተማሪ የለም።

የእኛም ሙያ እንዲሁ ነው የሚለመደው። አንድ ቤተሰብ ጋ ሄደሽ ተመልሰሽ፣ ምን እንዳየሽ ብቻሽን ታስቢያለሽ። ያ ቆጠራ ነው። ከዚያ ለሚያርምሽ ሰው ታቀርቢያለሽ። ያ ነገራ ነው። ኮንፈረንስ ዘረፋው ነው። ዛሬ ብዙ ተማሪ ነገራውን ዘሎ ዘረፋ ፍለጋ ይሄዳል። ከአዳራሽ አዳራሽ ይዞራል፤ ኬዙን፣ ማለትም የያዘውን የባለጉዳይ ታሪክ፣ አንድም ሰው አርሞለት አያውቅም።

ይህ የተማሪው ጥፋት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በ1974፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ ተዘጋ። በማስተርስ ደረጃ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደገና የተጀመረው በ2004 ነው። መሐል ላይ 30 ዓመት አለ። አሁን ለአንቺ ሱፐርቫይዘር መሆን የነበረበት አንድ ትውልድ በዚህ ሙያ ሳይሠለጥን ቀርቷል። በሌላ አገር ወጣቷ ሶሻል ወርከር ከ20 ዓመት ልምድ ካላት እናት ሶሻል ወርከር ሥር ትማራለች። እኛ አገር የወረዳው ኃላፊ ማኔጅመንት ወይም ሕግ ወይም ግብርና ያጠና ሰው ይሆናል። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ብዙ የሚያስተምርሽም ይኖረዋል። ኬዝሽን ግን በሙያው ዓይን አይቶ ሊያርምልሽ አልተማረም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። የነገራውን ቦታ ራስሽ አቋቁሚው።

አራት ወይም አምስት ሰው ይበቃል። ሁሉም ሶሻል ወርከር ባይሆኑም ይሆናል፤ እንዲያውም ባይሆኑ ይሻላል። ከሆስፒታል አንዲት ነርስ። ከትምህርት ቤት ልጆች የሚያምኑት አንድ መምህር። ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ። ከፖሊስ በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ላይ የምትሠራ አንዲት መርማሪ። በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ተኩል ተገናኙ። አንድ ሰው አንድ ኬዝ ይዞ ይመጣል። 15 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይናገራል። ቀጥሎ 20 ደቂቃ ጥያቄ ብቻ ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ምክር መስጠት ክልክል ነው። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ሕግ ነው። ሰው ችግሩን ተናግሮ ሳይጨርስ «እንዲህ ብታደርጊ» ማለት ሁላችንም ያደግንበት ነው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሐሳብ ይሰጣል። መጨረሻ ላይ አቅራቢው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያደርጋቸውን ሁለት ነገሮች ይጽፋል። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ የሚጠየቀው እነሱን ነው።

እንዲህ ያለ ቡድን ላይ የተቀመጥኩበትን አንድ ቀን ልንገርሽ። አንዲት ተማሪ ልትዳር የነበረች የ15 ዓመት ልጅ ጉዳይ ይዛ መጣች። አቀራረቧ ግሩም ነበር። ሕጉን ጠቅሳለች። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ጋብቻ የሚፈቀደው 18 ዓመት ለሞላው ነው። የወንጀል ሕጉም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ፖሊስ ዘንድ አመልክታለች፣ ሠርጉም ቆሟል። ሁላችንም አመሰገንናት። የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ አንዲት ነርስ «ልጅቷ አሁን የት ታድራለች?» አለች። ተማሪዋ አላወቀችም። እኛም ለመጠየቅ አላሰብንም ነበር። ልጅቷ የምታድረው እዚያው ቤት ነበር። ድግሱ የተበተነበት፣ አባቷ በጎረቤት ፊት ያፈረበት፣ ጥሎሹ የተመለሰበት ቤት ነው።

ያ ጥያቄ የተማሪዋን መመረቂያ ጽሑፍ ቀየረው። «ያለዕድሜ ጋብቻ መንስኤና መፍትሔ» የሚል ፕሮፖዛል ነበራት። እንዲህ ያለ ርዕስ በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ሞልቷል። ተወችው። ሠርጋቸው ከተቋረጠ በኋላ ልጃገረዶች ምን እንደሚገጥማቸው ለማጥናት ተነሣች። ይህን ጥያቄ ከማንኛውም ፓናል አታገኚውም። ከአንዲት ነርስ አፍ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እየተጠጣ ነው የወጣው።

እዚህ ላይ ስለ ምሥጢር መጠበቅ ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ። ራሴ ያጠፋሁት ስለሆነ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የጎጃም ከተማ ውስጥ የግማሽ ቀን ወርክሾፕ ላይ ኬዝ አቀረብኩ። የባለጉዳይዋን ስም ቀይሬያለሁ። ዕድሜዋን በሁለት ዓመት ከፍ አድርጌዋለሁ። የሠራሁት ሥራ ትክክል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አረቄ እንደምታወጣ፣ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደሆነ፣ ሁለተኛ ልጇ ማየት እንደተሳነው ተናገርኩ። ሻይ ላይ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «የእገሊትን ነገር በደንብ ይዘኸዋል» አለኝ። እግሬ ከዳኝ። ከተማዋ ትንሽ ናት። ሦስት ነገር ከተናገርክ ስሙን መናገር አያስፈልግህም።

ማታ ሄጄ ለሴትዮዋ ያደረግሁትን ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ዓይኑን ባትነግራቸው ምን ነበር?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ኬዝ ከመጻፌ በፊት ያቺ ቃል ትመጣብኛለች።

ስለዚህ በቡድንሽም ሆነ በኮንፈረንስ ስታቀርቢ ስም መቀየር አይበቃም። ሥራዋን ቀይሪ። ሰፈሯን አጥፊ። የልጆቿን ቁጥርና ፆታ ለውጪ። ለነጥብሽ የማያስፈልገውን ዝርዝር ሁሉ አውጪው። ከዚያ ለራስሽ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ የባለጉዳይዋ የእናቷ ልጅ አዳራሹ ውስጥ ብትቀመጥ ታውቃታለች? ካወቀቻት ኬዙ ገና አልተዘጋጀም። ፈቃድም ጠይቂ። የፈረመችውን ወረቀት ፋይል ውስጥ ማስገባት አንድ ነገር ነው። «ይህን ታሪክ ለሌሎች ባለሙያዎች ላስተምርበት፣ ምን ምኑ ይቅር?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የሚሰጡሽ መልስ ይገርምሻል።

ወደ ዝግጅቶቹ ልመለስ። እኔ ዘንድ የለም ያልሽውን በቀን መቁጠሪያው ላይ እንየው።

የዓለም የማኅበራዊ ሥራ ቀን በየዓመቱ በፈረንጆቹ መጋቢት ወር ሦስተኛው ማክሰኞ ይውላል። በእኛ ከመጋቢት 6 እስከ 12 ባለው ሳምንት ውስጥ ይገባል። የዓመቱን መሪ ቃል የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሠራተኞች ፌዴሬሽን ነው። ማርቆስ ላይ የሚያዘጋጀው ከሌለ አንቺ አዘጋጂው። ትልቅ አዳራሽ አያስፈልግም። የቅዳሜ ቡድንሽ አምስት ሰው አለው፤ እያንዳንዱ ሦስት ሰው ቢጋብዝ 20 ሆናችሁ።

ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃት የመቃወሚያ 16 ቀናት ናቸው። በዚያው መሐል ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን፣ ኅዳር 24 የአካል ጉዳተኞች ቀን አለ። መስከረም 30 የአእምሮ ጤና ቀን፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን፣ ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት እስከ የካቲት አጋማሽ ያሉት በአንድ ቀን ይቀድማሉ፤ ኅዳር 16 ያልኩሽ ኅዳር 15 ይሆናል። በእነዚህ ሰሞኖች የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤቶች ስብሰባ ይጠራሉ። ብዙ ጊዜ ንግግር ይበዛል፤ ይህን አውቃለሁ። አንቺ ግን ለንግግሩ አትሂጂ። ፖሊስ፣ ዓቃቤ ሕግ፣ ጤና ባለሙያ፣ የሃይማኖት አባት፣ የእድር ዳኛ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ቀን በዓመት ብዙ አይደለም። ከሻይ ሰዓቱ አንድ ሰው ይዘሽ ውጪ። ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ስሙን፣ ሥራውን፣ «ምን ዓይነት ጉዳይ ሲገጥመኝ ነው ወደ እሱ የምልከው?» የሚለውን ጻፊ። በዓመቱ መጨረሻ የምስራቅ ጎጃም የአገልግሎት ማውጫ በእጅሽ አለ ማለት ነው። ይህን የሚያክል የመስክ ሥራ አዲስ አበባ ያሉት ጓደኞችሽ በቀላሉ አያገኙም።

ከዚህ ሌላ ማንም «የትምህርት ዕድል» ብሎ የማይለጥፋቸው ዝግጅቶች አሉ። የእድር ወርሃዊ ስብሰባ አንዱ ነው። ሊቀ መንበሩን አስፈቅደሽ ሦስት ወር ተከታተይ። ያልከፈለ አባል እንዴት እንደሚታለፍ እይ። ቤተሰቡ ያስወጣው ልጅ ሲሞት እድሩ ምን እንደሚያደርግ ጠይቂ። ሰንበቴውና ማኅበሩም እንዲሁ ናቸው። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥ ከቻልሽ ከዳር ሆነሽ ተመልከቺ። ማን ቀድሞ ይናገራል? ሴቲቱ ትናገራለች ወይስ ይነገርላታል? ክፍሉ ውስጥ የማይነሣው ነገር ምንድን ነው? ይህን ስልሽ ሽምግልናን ሁሉ አመስግኚ ማለቴ አይደለም። የተደፈረች ልጅን ጉዳይ በጥሎሽ የዘጋ ዕርቅ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ወደ ሕግ መሄድ አለበት። ግን የማታውቂውን ነገር ልትለውጪው አትችይም።

ጥር 23 እንጅባራ ሂጂ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ ፈረሱንና ጉግሱን ያያል፤ አንቺም እይው፤ ውብ ነው። ከዚያ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ፈረሰኛ አጠገብ ተቀመጪ። ማኅበሩ እንዴት ተደራጀ? አባል ሲጣላ ማን ያስታርቃል? አባል ሲቸገር ምን ይደረጋል? ስለ ማኅበረሰብ ማደራጀት በኮርስ የተማርሽውን ሁሉ በፈረስ ላይ ታገኚዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሜልቦርን ላይ የጸደቀው የማኅበራዊ ሥራ ዓለም አቀፍ ትርጓሜ ሙያው ከሚቆምባቸው መሠረቶች አንዱ አገር በቀል ዕውቀት መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ይህን ስታጠኚ ከሙያው እየወጣሽ አይደለም።

አሁን ስለ ኮንፈረንስ ራሱ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የጥናት ጉባኤ ያዘጋጃሉ። ሁሉም ለአንቺ ከአዲስ አበባ ይቀርባሉ። ጥሪው የሚወጣው በግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ገጾቻቸው ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ አንድ የምታውቂው መምህር ይኑርሽ፤ «ጥሪ ሲወጣ ላኩልኝ» በይው። ከአገር አቀፍ ደግሞ የሶሲዮሎጂስቶች፣ የማኅበራዊ ሠራተኞችና የአንትሮፖሎጂስቶች ማኅበር አለ። ዓመታዊ ጉባኤው የሙያ ወገኖችሽን በአንድ ላይ የምታገኚበት ነው።

አብስትራክት፣ ማለትም ለጉባኤው የምትልኪውን የጥናትሽን አጭር ማጠቃለያ፣ ስትጽፊ ርዕስሽን አጥብቢው። «የማኅበራዊ ሥራ ሚና በአገር ልማት ውስጥ» የሚል ርዕስ ማንም አያነበውም። «ሠርጋቸው የተቋረጠ ልጃገረዶች ከዚያ በኋላ የት አደሩ? በሁለት ቀበሌዎች የተደረገ ጥናት» የሚለውን ገምጋሚው ደግሞ ደጋግሞ ያነበዋል። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ችግሩን ተናገሪ። በሁለተኛው ጥያቄሽን። ቀጥሎ ማንን፣ ስንት ሰው፣ እንዴት እንዳነጋገርሽ። ከዚያ ያገኘሽውን። ብዙ ተማሪ ቦታውን ሁሉ በመግቢያ ይጨርሰውና ግኝቱን «ወደፊት ይቀርባል» ይለዋል። ገና ግኝት ከሌለሽ በፖስተር፣ ማለትም ጥናትሽን በአንድ ትልቅ ወረቀት ለጥፈሽ ለማሳየት፣ አመልክቺ፤ ፖስተር ላይ ቆመሽ ከአሥር ሰው ጋር አንድ ለአንድ ትነጋገሪያለሽ።

ወጪው ለብቻው ራስ ምታት ነው። አዘጋጆቹን የተማሪ ዋጋ እንዳለ ጠይቂ። ካልሆነ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ራስሽን አቅርቢ። ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይጠፋል። ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው ክፍያ ሳይከፍል ይገባል፣ ተናጋሪዎቹን ሁሉ ያውቃል፣ ማስታወሻውንም ለማጣራት ብሎ በኋላ ሊጽፍላቸው ሰበብ አለው። መሥሪያ ቤትሽን ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቂ። ገንዘብ ባይሰጡሽ ፈቃዱን ይሰጡሻል። የእርዳታ ድርጅቶች ሥልጠና ላይ መግባትም በዚሁ በመሥሪያ ቤት በኩል ነው። ለግል አመልካች በሩ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው። አበል ያለበት ሥልጠና ላይ ሲጠሩሽ ግን አንድ ነገር አስቢ፤ ከሥራሽ ጋር የማይገናኝ ከሆነ የምትቀመጪበት ወንበር የሌላ ሰው ነው።

መንገዱ እንደ ልብ የማይኬድበት፣ ኔትወርኩም የሚጠፋበት ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ የሚረዳሽ ከርቀት የሚሰጥ ትምህርት ነው። እኔ የማምንባቸውን ብቻ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ በነፃ ይገኛል። ሦስት ቃል ላይ ይቆማል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ሰውየው ያለበት ቦታ ለእሱም ለአንቺም ደኅና መሆኑን ታያለሽ። ታዳምጫለሽ። ከዚያ ከሚያስፈልገው ነገርና ከሚወዱት ሰዎች ጋር ታገናኚዋለሽ። የደረሰበትን እንዲተርክልሽ አታፋጥጪውም። ይህ ለእኛ ባዳ ነገር አይደለም። ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጥሩ ለቅሶ ደራሽ ገብቶ አጠገብ ይቀመጣል። «እንዴት ሆኖ ሞተ?» ብሎ የሚያዋክብ ሰው ደግሞ በሁሉም ይታወቃል። መመሪያው የሚያስተምርሽ ይህንኑ በሥርዓት ማድረግን ነው። ዛሬ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ሰው የሞተበት፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ በየቀበሌው አለ። ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን ተማሪ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው በአደጋ ጊዜ የአእምሮ ጤናና የሥነ ልቦና ድጋፍ መመሪያ ነው። አራት ደረጃ ያለው ፒራሚድ አለው። ታች ሰፊው ክፍል መሠረታዊ አገልግሎትና ደኅንነት ነው። ቀጥሎ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ድጋፍ አለ። ከዚያ የአእምሮ ጤና ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሠራተኞች የሚሰጥ ትኩረት ያለው ድጋፍ። ጫፉ ላይ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አለ። የምስራቅ ጎጃም እድሮች ሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። ይህን ሥዕል በአንድ ወረቀት ላይ ሥለሽ በእያንዳንዱ ደረጃ የአካባቢሽን ስም ጻፊበት። የቱ ጋ ባዶ እንደሆነ ወዲያው ይታይሻል።

ከዚህ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያዘጋጁት ኢኩዊፕ የሚባል ነፃ የድረ ገጽ መድረክ አለ፤ የማነጋገር ችሎታን በሚና ጨዋታ መመዘንን ያስተምራል። ለቅዳሜ ቡድንሽ ግሩም ነው። አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው ፒ ኤም ፕላስ የተባለ አጭር የሥነ ልቦና ድጋፍም አለ። እሱን ግን ማኑዋሉን አንብበሽ ብቻ ሰው ላይ አትሞክሪው። በሥልጠናና በሱፐርቪዥን ነው የሚሠራው። ካያ እና ዲዛስተር ሬዲ የሚባሉት ገጾችም ስለ ሰብዓዊ ዕርዳታና ሕፃናት ጥበቃ ነፃ ኮርስ ይሰጣሉ። ኔትወርክ ሲመጣ ፋይሉን አውርጂ፤ ሲጠፋ አንብቢ።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ነው። የቀደሙሽን የማኅበራዊ ሥራ ጽሑፎች አንብቢ። መጨረሻ ላይ «ለወደፊት ጥናት» የሚለውን ክፍል ተመልከቺ፤ ያልተነካ ጥያቄ እዚያ ተቀምጧል። የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች ለማየት የዩኒቨርሲቲሽን ቤተ መጻሕፍት ስለ ሪሰርች ፎር ላይፍ ጠይቂ፤ ለታዳጊ አገር ተቋማት ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚከፍት አገልግሎት ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው።

የውጭ አገር ጉባኤዎች አሉ።  አሁን ለአንቺ ጊዜው አይደለም። ከተመረቅሽ በኋላ እንነጋገርበታለን።

ስለ ሰርተፊኬት የጠየቅሽው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ሥራ ስታመለክቺ ወረቀት ይታያል። ሦስት ወይም አራት ከምትሠሪው ሥራ ጋር የሚሄዱ ይኑሩሽ። ሥራ ቀጣሪ ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። 17 ሰርተፊኬት ያመጣ ልጅ ነበር። «ከእነዚህ አንዱን የተጠቀምክበትን ቀን ንገረን» ስንለው መልስ አጣ። ሁለት ሰርተፊኬት ያላት ልጅ የሠራችውን የአገልግሎት ማውጫ፣ የደብረ ኤልያስን መንገድ ሳይቀር፣ ዘርዝራ ነገረችን። ማንን እንደቀጠርን መናገር አያስፈልግም።

እንግዲህ የአዲስ አበባው ኮንፈረንስ። አብስትራክት ልከሽ ተቀብለውሽ ከሆነ ሂጂ። ተበድረሽም ቢሆን ሂጂ። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሹፌሮች አጣርተሽ፣ በቀን ተጓዢ። ከመሄድሽ በፊት የፕሮግራሙን ዝርዝር አንብበሽ ልታነጋግሪያቸው የምትፈልጊያቸውን ሁለት ሰዎች ለይ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ያዢ። በተመለስሽ በሳምንቱ ጻፊላቸው። የሰማሽውን ደግሞ ለቅዳሜው ቡድን በ15 ደቂቃ አቅርቢ።

አብስትራክት ካልላክሽ ዘንድሮ ቅሪ። የአዳራሽ ታዳሚ ለመሆን የወር ደመወዝሽን አታውጪ። ያቺን የትራንስፖርትና የአልጋ ገንዘብ ለቡናና ለደብተር አድርጊያት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ማን ማንን እንደምትጋብዢ ዛሬ ማታ ስም ጻፊ። የመጀመሪያውን ኬዝ አንቺ አቅርቢ። ጽሑፉን ከማቅረብሽ በፊት ልታሳዪኝ ከፈለግሽ ላኪልኝ፤ ማንነትን የሚያጋልጥ ነገር ተርፎበት እንደሆነ አብሬሽ አየዋለሁ።